ስለ ጠገራ ብር ዋጋ አገማመት

በገበያ ቀን አንዲት አሮጊት ከአንድ ባለሱቅ ደጃፍ ደርሰው፣ በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው፣ ዐሥር ጠገራ ብር በባንኮኒው ላይ ዘረገፉ እንበል። ገንዘቡ ከአያታቸው የወረሱት ነው። የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ወደ ጅማ የሚሄድበት ቀን ስለ ደረሰ ሊሸጡት ቈርጠዋል። ከዐሥሩ ዘጠኙ የሴት መልክ ያለባቸው ሲሆኑ አንዱ ግን አንበሳ ያለበት ነው። አሮጊቷም ይህን አንዱን ለብቻው አውጥተው፣ «ይኸኛውን እንኳ እናቶቻችን ያሳንሱት ነበር» ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል።

ባለሱቁ ከዘጠኙ አንዱን አንሥቶ ቢያገላብጠው 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበት ያገኛል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ባለሱቁ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ ነው» ብሎ ሀብታም የሚያደርገው መስሎት ያለ የሌለ ገንዘቡን ያፈስበታል፤ ወይም «የተሻረ ገንዘብ ነው፤ ዛሬ ማን ይፈልገዋል» ብሎ የማይረባ ዋጋ ሰጥቶ አሮጊቷን ያሰናብታል። በፊተኛው ነገር ነጋዴው ይከስራል፤ በኋለኛው ነገር ባለንብረቷ ይጎዳሉ፤ የነጋዴውም ስም ይጠፋል። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም የአንድ አሮጌ ዕቃ ዋጋ በምን እንደሚለካ አለማወቅ ነው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በዋጫም ሆነ በቦንጋ፣ በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ ለነጋዴ እንግዳ ስላልሆነ ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት ይጠቅማል። ብር የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም ስላለው አንባቢ እንዳይደናገር፣ ከዚህ በታች ማዕድኑ «ንጹሕ ብር»፣ አሮጌው ገንዘብ «ጠገራ»፣ የዛሬው መገበያያ ደግሞ «የኢትዮጵያ ብር» ተብሎ ይጠራል።

የጠገራው ታሪክ

በጠገራው ላይ መልኳ የሚታየው ሴት የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ትሬዛ ናት። በስሟ የወጣው ገንዘብ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1741 ሲሆን፣ እርሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1780 ነው። ገንዘቡ ግን በዚያን ጊዜ በቀይ ባሕር ዙሪያና በምሥራቅ ባሉ አገሮች እጅግ ተፈላጊ ስለ ነበረ፣ ከሞተችም በኋላ መልኩም ዓመቱም ሳይለወጥ መታተሙ ቀጠለ። ስለዚህ በ1780 የታተመውም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የታተመውም፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የታተመውም ሁሉ የሚያሳየው ዓመት አንድ ነው፤ 1780።

የማተሚያው ቦታም አንድ ብቻ አልነበረም። ከገዥዋ ምስል በታች የሚታዩት ኤስ እና ኤፍ የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ጉንዝቡርግ በተባለ ከተማ በነበረው የገንዘብ ማተሚያ ቤት ይሠሩ የነበሩት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። በኋላ ግን ቪየና፣ ፕራግ፣ ሚላኖና ቬኒስ ይህንኑ ገንዘብ ከነፊደላቱ አትመዋል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ማተም ጀመረች። ኢጣሊያ የዚህን ገንዘብ ምንጭ ለብቻዋ እንዳትይዝ ሌሎችም ተከታተሉ፤ ፓሪስ በዚያው በ1935፣ ለንደን በ1936፣ ብራስልስ በ1937፣ ቦምቤይ በ1940፣ በርሚንግሃም በ1949 ማተም ጀመሩ። ከ1961 ወዲህ መብቱ ተመልሶ ለቪየና ብቻ የሆነ ሲሆን፣ የቪየናው ማተሚያ ቤት እስከ ዛሬ ድረስ ለሚፈልግ ሁሉ እያተመ ይሸጣል።

ከመነሻው ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የታተመው ጠገራ ጠቅላላ ቁጥር ወደ 390 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። እንግዲህ 1780 የሚለው ቁጥር የገንዘቡ መለያ ምልክት እንጂ የዕድሜው ማስረጃ አለመሆኑን ነጋዴ ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለገበያ የሚበጀውና ለሰብሳቢ የሚበጀው

ጠገራው ወደ ካፋ የገባው በንግድ መንገድ ነው። ቦንጋ በካፋ ነገሥታት ዘመን የታወቀች የንግድ ስፍራ ነበረች። ቡና፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ማርና የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም ዛሬ ሲታሰብ የሚያሳዝነው የሰው ንግድ፣ ከዚያ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። በምትኩም አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ ዶቃና ጠገራ ይገባ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ በራቀ መጠን ዋጋው ስለሚጨምር፣ በሰሜን በአንድ ጠገራ የሚገኘው የአሞሌ ቁጥርና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲወርዱ የሚገኘው ቁጥር እኩል አልነበረም። አንድ ሺሕ ጠገራ ብቻውን 28 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የዘመኑ ነጋዴ ገንዘቡን የሚያጓጉዘው እንደ ሌላው ሸቀጥ በከብት ጭኖ ነበር።

በዚያ ዘመን ነጋዴው ጠገራ ሲቀበል በጥንቃቄ ይመረምር እንደ ነበር የውጭ አገር መንገደኞች ጽፈዋል። በገዥዋ ራስ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን የካባ መያዣና ከታች ያሉትን ሁለት ፊደላት አጥርቶ ያያል። አንዱ ምልክት ደብዝዞ ቢገኝ አልቀበልም ይላል። የሚፈልገውም ሁሉም ጠገራ አንድ ዓይነት እንዲሆንለት ነው፤ ዛሬ የተቀበለውን ነገ ሌላው ያለ ክርክር እንዲቀበለው ነውና። ብዙ መሆኑ፣ አንድ ዓይነት መሆኑና በሁሉ ዘንድ መታወቁ ጠገራውን መልካም መገበያያ አደረገው።

ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው ስምና መልክ ገንዘብ ለማውጣት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። በፓሪስ የታተመውና 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበት የመጀመሪያው የምኒልክ ብር፣ በክብደቱም ሆነ በያዘው ንጹሕ ብር ከጠገራው የሚያንስ አልነበረም። የምኒልክ ብር ክብደት 28.075 ግራም፣ ንጽሕናው በሺሕ 835 ነው፤ የጠገራው ክብደት 28.07 ግራም፣ ንጽሕናው በሺሕ 833 ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ በለመደው ምስል ጸና፤ አላዱንና ሩቡንም በጥርጣሬ ተመለከተው። የአቢሲንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1906 ሥራ ከጀመረ በኋላ እንኳ ጠገራው ከገበያ አልወጣም። ጠገራው ሕጋዊ መገበያያነቱን ያጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው፤ ከከተማ ርቆ ባለው አገር ግን ከዚያም በኋላ በየሰው እጅ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በገበያ ዘመን የተወደደው ብዙ የሆነውና አንዱ ከሌላው የማይለየው ነበር። ሰብሳቢ የሚወደው ግን ጥቂት የሆነውንና ከሌላው የሚለየውን ነው። ስለዚህ ጠገራውን ለአያቶች ውድ ያደረገው ጠባይ ራሱ ለዛሬ ሰብሳቢ ተራ ያደርገዋል። በአያቶች ዘንድ የተናቀው የምኒልክ ብር ደግሞ በቁጥር ከጠገራው ጋር ፈጽሞ ስለማይወዳደርና የኢትዮጵያን ታሪክ ስለሚናገር በሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኗል። አሮጊቷ ወደ ጎን ያደረጉት አንዱ ምናልባት ከዘጠኙ ከየትኛውም ይበልጥ ሊያወጣላቸው ይችላል።

ይህ ሕግ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ከሸቀጥ ጋር የሚሰጡ ሥዕል ያለባቸው ትናንሽ ካርዶችን መሰብሰብ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። የሥጋ ጭማቂ የሚሸጠው ሊቢግ የተባለው ኩባንያ ለመቶ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ካርድ ለደንበኞቹ ሲያድል ኖሯል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኮ ጋር የኳስ ተጫዋቾች ካርድ ይሰጥ ነበር። ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ካርድ መታተሙ ገና በጅምሩ ስለ ተቋረጠ ዛሬ ያለው ቁጥር በጣም ጥቂት ነው፤ በ2022 አንዱ በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፓኮ፣ በዚያው ወረቀት የታተመው የሌላው ተራ ተጫዋች ካርድ ግን ያረጀና የተጎዳ ከሆነ በጥቂት ዐሥር ዶላር ይገኛል። ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከዚህም የሚብስ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብዙ አሜሪካውያን «አባቶቻችን ጥለውት የከበረውን እኛ አንጣለው» ብለው ካርድ በየሣጥኑ ገዝተው አስቀመጡ። አታሚዎቹም የተፈለገውን ያህል አተሙ። ሁሉም ስላስቀመጠው አንዱም ብርቅ አልሆነም፤ ከዚያ ካርድ የሚበዛው ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ የተገዛበትን ዋጋ አይመልስም።

አራቱ ጥያቄዎች

የካፋ ነጋዴ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቡና ገዥ «ቡናው ስንት ዓመት በመጋዘን ቆየ?» ብሎ ዋጋ አይጨምርም። የሚጠይቀው ከወዴት እንደ መጣ፣ ያ ዓይነት ምን ያህል እንደሚገኝ፣ ንጽሕናው እንዴት እንደ ሆነና ማን እንደሚፈልገው ነው። የአሮጌ ገንዘብም ዋጋ የሚለካው በነዚሁ አራት ጥያቄዎች ነው።

አንደኛ፦ ዕቃው እውነተኛ ነውን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ በጠገራ አምሳል ከርካሽ ብረት የተሠራ አስመሳይ አለ። መመርመሪያው ግን አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ይመዘናል፤ ያልተጎዳ ጠገራ 28.07 ግራም ሲሆን፣ በአገልግሎት ብዛት የተፋቀው ጥቂት ሊያንስ ይችላል። ስፋቱ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ማግኔት ፈጽሞ ሊስበው አይገባም፤ ነገር ግን ነሐስና መዳብም በማግኔት ስለማይሳቡ ይህ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በኋላ ጠርዙ ይታያል። በእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ፊደል «ኢዩስቲትያ ኤት ክሌመንትያ» የሚል፣ ትርጓሜውም «ፍትሕና ምሕረት» የሆነ ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይነበባል። በአሸዋ ቅርጽ ፈስሶ በተሠራው አስመሳይ ላይ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ይጣመማል ወይም ጭራሹን አይኖርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬ ቢቀር የውኃው ፈተና አለ። የግራምን መቶኛ ክፍል የሚያሳይ የወርቅ ነጋዴ ሚዛን ተፈልጎ፣ በላዩ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጠገራው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ፣ የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ፣ ፈጽሞ እስኪሰጥም ድረስ ይጠልቃል። ጠገራው እውነተኛ ከሆነ ሚዛኑ የሚያሳየው 2.75 ግራም አካባቢ ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን የተደረገ የነሐስ አስመሳይ ግን ከ3.2 ግራም በላይ ያሳያል፤ የእርሳስ ከሆነ ደግሞ ወደ 2.5 ይወርዳል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ማዕድን ለክብደቱ የሚይዘው ስፍራ የተለያየ ስለ ሆነ ነው። ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ግን በብየዳው ምክንያት ቁጥሩ ሊዛባ ስለሚችል ይህን ማስታወስ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ከዚህ ዓይነት ስንት አለ? 1780 የሚል ጠገራ ከተራው ወገን ነው ብሎ መጀመር ደኅና መነሻ ነው። ከነዚህ መካከል የየትኛው ማተሚያ ቤት እንደ ሆነ ዐዋቂዎች በካባው መያዣ፣ በንስሩ የጅራት ላባና በጠርዙ ጌጥ ይለያሉ፤ አንዳንዱ የጥንት ማተሚያ ከተራው የበለጠ ዋጋ አለው። ይህ ግን የብዙ ጊዜ ልምድ ስለሚጠይቅ ባለሱቅ በግምት ሊወስን አይገባም። ለባለሱቅ የሚቀልለው ሌላ ምልክት ነው። በኋላ እንደገና የታተሙት ሁሉ 1780 የሚሉ ስለ ሆኑ፣ ከ1780 የቀደመ ዓመት የተጻፈበት የማሪያ ትሬዛ ገንዘብ ቢገኝ በተለይ ሊያዝና ለዐዋቂ ሊታይ ይገባዋል። ገዥዋ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተባት በኋላ በገንዘቡ ላይ የምትታየው የመበለት መሸፈኛ ለብሳ ስለ ሆነ፣ ራሷን ያልተሸፈነች ሆና የምትታይበትም እንዲሁ ሊለይ ይገባል።

የምኒልክ ብር የሆነ እንደ ሆነ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር የተጻፈ ነው። 1887፣ 1889፣ 1892 እና 1895 ዓ.ም. የሚሉ አሉ፤ በአንበሳው የፊት እግር አነሣሥም ይለያያሉ። ሁሉም በእኩል ቁጥር ስላልታተሙ ዋጋቸው እኩል አይደለም። ስለዚህ «የምኒልክ ብር ነው» ብሎ ብቻ መሸጥም መግዛትም አይገባም፤ ዓመቱ መነበብ አለበት።

ሦስተኛ፦ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? በውጭ አገር የገንዘብ መርማሪዎች የአንዱን ገንዘብ ሁኔታ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ደረጃ ይለካሉ። የምስሉ ጠጕርና ልብስ ዝርዝሩ ጠርቶ የሚታይ ከሆነ ደረጃው ይወጣል፤ ተልጦ የጠፋ ከሆነ ይወርዳል። በየቤቱ የሚገኘው ጠገራ ግን ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ፣ ማንጠልጠያ የተበየደበት ወይም ለቀለበትና ለመስቀል ሥራ የተቈረጠ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጠገራ ለገንዘብ ሰብሳቢ ዋጋ የለውም ለማለት ይቻላል፤ የሚቀርለት የማዕድኑ ዋጋ ነው። ከዶቃና ከሌላ ጌጥ ጋር የተሠራ ሙሉ የአንገት ጌጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ የሚሸጠው ገንዘቡ ሳይሆን የአንጥረኛው የእጅ ሥራ ስለ ሆነ፣ ጌጡን በታትኖ ጠገራውን ለብቻው መመዘን ሀብትን ማጥፋት ነው።

በዚህ አንቀጽ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ሰዎች አሮጌውን ገንዘብ ከመሸጣቸው በፊት በዐመድ፣ በሎሚ ወይም በአሸዋ ፈትገው ያበሩታል። ለዓይን ያማረ ይመስላል እንጂ በሰብሳቢ ዘንድ ግን የተፈተገ ገንዘብ የተጎዳ ገንዘብ ነው። በጊዜ ብዛት የለበሰው ጥቁረት እንደ ጉድፍ አይቈጠርም፤ እንዲያውም ላለመነካቱ ምስክር ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአንድ ሰዓት ፍትጊያ የጠፋው በምንም አይመለስም።

አራተኛ፦ ማን ይፈልገዋል? ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ የሚፈልግ ሰው መኖር አለበት። በቦንጋና በዋጫ አካባቢ ጠገራን በብዛት የሚፈልገው አንጥረኛ ነው፤ እርሱም የሚከፍለው ለማዕድኑ ነው። ሰብሳቢ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ነው። እንግዲህ በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፎ የሚታየው ከፍተኛ ዋጋ በዋጫ ገበያ ላይ የሚገኝ ዋጋ አለመሆኑን፣ በመካከሉም የመንገድ፣ የመርማሪና የደላላ ወጪ መኖሩን ማሰብ ያስፈልጋል። በመረብ ላይ «ይህን ያህል ይሸጣል» ተብሎ የሚለጠፈውም የሻጭ ምኞት እንጂ የተፈጸመ ሽያጭ አይደለም፤ ማስረጃ የሚሆነው በእውነት ተሸጦ ገንዘቡ የተከፈለበት ዋጋ ነው።

የሒሳቡ አሠራር

የማናቸውም ጠገራ ዝቅተኛ ዋጋ በያዘው ንጹሕ ብር ይወሰናል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ክብደቱን በ0.833 ማባዛት ነው። ሙሉ ክብደት ያለው ጠገራ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ይይዛል። ተፍቆ 27.5 ግራም የሚመዝነው ደግሞ 22.9 ግራም ይይዛል። በውጭ አገር ገበያ ዋጋው የሚነገረው በአውንስ ስለ ሆነ፣ አንድ ሙሉ ጠገራ የአውንስ 0.752 መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። የንጹሕ ብር ዋጋ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነጋዴ በሚገዛበት ቀን ያለውን ዋጋ መጠየቅ አለበት።

ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ 100 የኢትዮጵያ ብር ነው ብንል፣ ሙሉው ጠገራ በማዕድኑ 2,339 የኢትዮጵያ ብር ያወጣል። ከዚህ ላይ የማቅለጫና የማንጠሪያ ወጪ፣ የነጋዴውም ተገቢ ትርፍ ይቀነሳል። የቀረው ለሻጩ የሚገባው ዋጋ ነው። ከዚህ በታች የሚሰጥ ነጋዴ ያታልላል፤ ተራውን ጠገራ በብርቅ ዋጋ የሚገዛ ደግሞ ራሱን ያታልላል።

ሕግን ስለ መጠበቅ

ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች አንድ ነገር መዘንጋት የለባቸውም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። አንድ አሮጌ ገንዘብ ወይም ጌጥ በዚህ ውስጥ ይገባ ወይም አይገባ እንደ ሆነ የሚወስነው ሻጩም ገዥውም ሳይሆን ሥልጣን ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ዕቃው ከመላኩ በፊት ጠይቆ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። የከበሩ ማዕድናት ንግድም የራሱ ፈቃድ ያለው ስለ ሆነ፣ ጠገራ እየሰበሰበ ለማቅለጥ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱን ያሟላ። ከአንዱ መንገደኛ ኪስ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ዋጋ ያገኘ ቢመስልም በኬላ ቢያዝ ዕቃውም ስሙም አብሮ ይጠፋል።

ፍጻሜ

አሁን ወደ አሮጊቷ እንመለስ። የሚያውቅ ባለሱቅ ዐሥሩን አንድ በአንድ ይመዝናል፤ ጠርዛቸውን ያያል፤ ዓመታቸውን ያነብባል። ዘጠኙ 1780 የሚሉ ናቸው፤ ከነርሱም ሁለቱ ተበስተዋል። አማካይ ክብደታቸው 27.8 ግራም ቢሆን፣ ዘጠኙ በአንድነት 250.2 ግራም ይመዝናሉ፤ ንጹሕ ብራቸውም 208.4 ግራም ገደማ ይሆናል። ባለሱቁ ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ፣ የልጅ ልጃቸው እንዲያነብብላቸው አድርጎ፣ የዕለቱን ዋጋና የራሱን ትርፍ ለይቶ ያሳያቸዋል። ስለ ዐሥረኛውም፣ «እናቴ፣ ይህን ዛሬ አይሽጡት፤ አይፈትጉትም። ዓመቱ ተነብቦ፣ ፎቶግራፉ በሁለቱም ወገን ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ላሉ ሁለት ሦስት ዐዋቂዎች ይታይ፤ የሚሰጡትንም ዋጋ አወዳድረው ይወስኑ» ይላቸዋል።

ምናልባት ባለሱቁ በዚያ ቀን ከዐሥረኛው ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ ያጣ ይመስላል። ነገር ግን አሮጊቷ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ የሚናገሩት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይሆንም። በየጎረቤቱ ሣጥን ውስጥ ጠገራ አለ፤ ቡናና ማርም አለ። የሚሸጥ ሁሉ ወደማን እንደሚሄድ የሚጠይቀው እኒህን አሮጊት ነው። ጠገራው በገበያ ሁለት መቶ ዓመት ሊኖር የቻለው የተቀበለው ሁሉ ስለታመነበት ነው፤ የነጋዴም ስም የሚኖረው በዚሁ ነው።